የላካችሁት ነው የሚታተመው፦ ቢዝነስ ካርድ በኢንተርኔት ስለማዘዝ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ቢዝነስ ካርድ ነው፤ በተለይም ማተሚያ ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ በኢንተርኔት ወይም በቴሌግራም ስለሚያዝዙት ካርድ። ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ብታደርጉ ደስ ይለናል፤ በመሀል የሚጻፉ ቁጥሮች አሉ።

ካርድ ማሳተም ቀድሞ እንዴት እንደነበረ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ደንበኛው ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ ከኮምፒውተር ጸሐፊዋ ጎን ወንበር ስቦ ይቀመጣል። “እህቴ፣ ስሙን ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ፤ ስልኩ ደግሞ ወደ ታች ይውረድ” ይላል። እሷም “እሺ ጋሼ፤ ኃይሉ የሚለው በብዙኃኑ ነው ወይስ በሃሌታው?” ብላ ትጠይቃለች። ናሙናው በተራ ወረቀት ይወጣል፣ በእስክሪብቶ ይታረማል፣ ተመልሶ ይስተካከላል። ማሽኑ ላይ የሚሠራው ባለሙያ ደግሞ ያየውና “ይሄ አረንጓዴ ወረቀት ላይ እንዲህ ደምቆ አይወጣም” ብሎ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ካርዱ ከመታተሙ በፊት ሦስት አራት ሰው ያየዋል ማለት ነው።

በኢንተርኔት ስታዝዙ እነዚያ ሰዎች የሉም። ጸሐፊዋም፣ አራሚውም፣ የቀለም ባለሙያውም እናንተ ናችሁ። ዋጋው የቀነሰበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ሥራው ወደ እናንተ ተላልፏል። ማሽኑ የላካችሁትን እንዳለ ያትማል፤ ስሕተት ካለበት ስሕተቱን አምስት መቶ ጊዜ ደግሞ ያትመዋል። ስለዚህ ዛሬ እነዚያ ባለሙያዎች ምን ምን ይሠሩ እንደነበር እናያለን፤ ያን ሥራ ያወቀ ሰው በኢንተርኔትም አዝዞ ጥሩ ካርድ ያገኛል።

መጀመሪያ ግን “እዘዝ” የሚለውን ቁልፍ ከተጫናችሁ በኋላ ምን እንደሚሆን እንይ፤ ብዙው ነገር ከዚያ ይገባችኋልና። በዚህ ንግድ በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ ቪስታፕሪንት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1995 ሮበርት ኪን ፓሪስ ላይ መሠረተው። ስሙ የገነነው ካርድ በነፃ በመስጠት ነበር፤ ደንበኛው የመላኪያውን ብቻ ይከፍላል፣ በካርዱ ጀርባ ላይ ደግሞ የድርጅቱ ስም ይታተማል። በኋላም በ2006 ሙ የተባለው የለንደን ድርጅት ጠበብ ረዘም ያሉ ትንንሽ ካርዶችን ይዞ ገበያ ገባ። ዛሬ ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶች በየአገሩ አሉ።

ታዲያ ለአንድ ሰው መቶ ካርድ ብቻ አትመው እንዴት አይከስሩም? ኦፍሴት የሚባለው ማሽን ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፕሌት፣ ማለትም የማተሚያ ሰሌዳ፣ ይፈልጋል፤ ለባለ ሙሉ ቀለም ሥራ አራት ፕሌት ማለት ነው። ፕሌቱን ማውጣት፣ ማሽኑ ላይ መግጠም፣ ቀለሙን ማመጣጠን፣ ይህ ሁሉ ወጪ መቶ ካርድ ቢታተምም አሥር ሺህ ቢታተምም ያው ነው። ስለዚህ የብዙ ደንበኞችን ካርድ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ይደረድራሉ። 70 በ100 ሴንቲ ሜትር በሆነ ወረቀት ላይ መቶ ያህል ካርድ ይቀመጣል። እንደ ሚኒባስ ታክሲ አስቡት፤ መኪናው ለአንድ ሰው ቢነሳ ዋጋው አይቀመስም፣ ሲሞላ ግን እያንዳንዱ ተሳፋሪ የድርሻውን ከፍሎ ይሄዳል። ሌላው መንገድ ፕሌት የማያስፈልገው ዲጂታል ህትመት ነው። ኢንዲጎ የተባለውን ዲጂታል ማተሚያ ቤኒ ላንዳ በእስራኤል ሠርቶ በ1993 ለገበያ አቀረበው፤ ዛሬ ኤችፒ የሚያመርተው ማሽን ያ ነው። ሃምሳ ወይም መቶ ካርድ በርካሽ ማሳተም የተቻለው እንደዚህ ዓይነት ማሽኖች ከመጡ በኋላ ነው።

ይህ አሠራር ለእናንተ ምን ማለት ነው? ካርዳችሁ ከማታውቁት ሰው ካርድ ጎን በአንድ ወረቀት ላይ ይታተማል። የማሽኑ ባለሙያ ለእናንተ ሰማያዊ ብሎ ቀለሙን ቢያደምቀው የጎረቤታችሁ ካርድ ይበላሻል፤ ስለዚህ አይነካውም። ዛሬ ያሳተማችሁት ካርድና ከስድስት ወር በኋላ ደግማችሁ የምታሳትሙት በቀለም ጥቂት ቢለያዩ አትደነቁ። የድርጅታችሁ ቀለም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆን ካለበት፣ ለምሳሌ ማሸጊያችሁም ታፔላችሁም በዚያ ቀለም የሚታወቅ ከሆነ፣ በአካል የምታገኙት ማተሚያ ቤት ሄዳችሁ ቀለሙ ተለይቶ ተቀምሞ እንዲታተምላችሁ ማድረጉ ይሻላል። ወጪው ይጨምራል፤ ለዚያ ጉዳይ ግን ሌላ አማራጭ የለም።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንምጣ። ካርድ ላይ ብዙ ነገር መጻፍ አያስፈልግም፤ የተጻፈው ግን ትክክል መሆን አለበት።

ከስልክ ቁጥር እንጀምር። በአገር ቤት ቁጥራችንን በዜሮ ዘጠኝ ወይም በዜሮ ሰባት ጀምረን እንናገራለን። ካርዱ በውጭ አገር ሰው እጅ ሲገባ ግን ያ ቁጥር አይደወልም። ፕላስ 251 ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ ዜሮዋ ትወጣለች፤ ቀጥሎ 9 ወይም 7 ይመጣል። ፕላስ 251 ጽፎ ዜሮዋን አለማውጣት በብዙ ካርዶች ላይ የሚታይ ስሕተት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ከፕላስ ምልክቷ በኋላ ያሉትን አኃዞች ቁጠሩ፣ 12 መሆን አለባቸው። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ከፕላስ 1 ጋር 11 ይሆናሉ። በሦስት በሦስት ከፋፍላችሁ ብትጽፉት ለሚደውለው ሰው ዓይን ይቀላል።

ስምን በላቲን ፊደል ስትጽፉ በፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን አጻጻፍ ተከተሉ። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ በቲ እና በኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ ብቻ። ካርዱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ኢሜይሉ ላይ ሌላ ዓይነት፣ የባንክ ሒሳቡ ላይ ሦስተኛ ዓይነት ከሆነ ገንዘብ ሊልክላችሁ ወይም ውል ሊፈርም የፈለገ ሰው ይቸገራል። በውጭ አገር ደግሞ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጠር በዚያ ስም ይጠሯችኋል። በራሳችሁ ስም መጠራት ከፈለጋችሁ የራሳችሁን ስም በትልቁ፣ የአባታችሁን ስም በትንሹ ማድረግ አንድ መፍትሔ ነው።

አድራሻ ላይ በአማርኛው ገጽ የምልክት ቦታ መጻፍ ነውር የለውም። ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ብቻ አይቶ ሱቃችሁን የሚያገኝ ሰው ጥቂት ነው፤ “ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከባንኩ በላይ ሁለተኛ ፎቅ” የሚለው ግን ቀጥ አድርጎ ያመጣዋል። ባንኩ ቦታ የሚቀይር ከመሰላችሁ ግን በእሱ አትመኩ፤ ቶሎ የማይቀያየር ምልክት ፈልጉ።

ሁለት ቋንቋ ያለው ካርድ የሚያሳትሙ ሰዎች አንድ ነገር ደጋግመው ይዘነጋሉ፤ ሰዓትና ዓመተ ምሕረት። አማርኛው ላይ “ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ነው” የተባለው እንግሊዝኛው ላይ ከ8 እስከ 6 ነው መሆን ያለበት። ቁጥሩ እንዳለ ከተገለበጠ የውጭ ደንበኛ ሌሊት መጥቶ በሩን ተዘግቶ ያገኘዋል። “ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ” የሚለውም እንዲሁ ነው፤ እንግሊዝኛው ገጽ ላይ 2001 ተብሎ ከቀረ ድርጅቱ ከዕድሜው በላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመርለታል። መስከረም ላይ ወይም ጥር ላይ እንደተከፈተ አስታውሱና 2008 ወይም 2009 በሉት።

አድማጮቻችን፣ አሁን ከሁሉም በላይ ጊዜ ልንሰጠው ወደሚገባው ነገር ደርሰናል፤ የፊደላችን ነገር። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያለ ባለ ምግብ ቤት፣ ቴል አቪቭ ያለች የፀጉር ባለሙያ፣ ዱባይ ያለ ዕቃ አስመጪ ስሙን በአማርኛም ማሳተም ይፈልጋል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ይገባልም። እነዚህ የኢንተርኔት ማተሚያዎች ግን ሲሠሩ ግዕዝ አልታሰበም።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ገጹ ላይ ከተዘጋጁት ዲዛይኖች አንዱን ትመርጣላችሁ። ስም የሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ በአማርኛ ትተይባላችሁ። ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ “ይሰራል ማለት ነው” ብላችሁ ታዝዛላችሁ። ስክሪኑ ላይ የታየው ግን የማተሚያው ፊደል ላይሆን ይችላል። የመረጣችሁት ፎንት ግዕዝ ከሌለው የራሳችሁ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ከራሱ ፎንት አምጥቶ ክፍተቱን ይሞላዋል። ትእዛዙ ወደ ማተሚያው ኮምፒውተር ሲደርስ ያ ፎንት እዚያ የለም። የሚታተመው ባዶ ሳጥን ይሆናል፤ አራት ፊደል የነበረው ስም በአራት ትንንሽ ባዶ ሳጥኖች ተተክቶ ይወጣል። እዚያ ማተሚያ ቤት የሚሠራው ሰው አማርኛ አያነብም፤ ሳጥኖቹን አይቶ “ምናልባት ፊደላቸው እንዲህ ይሆናል” ብሎ ቢያልፈው ልንፈርድበት አንችልም።

ሁለተኛው አደጋ ከድሮ ፋይል ይመጣል። ግዕዝ ዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ውስጥ፣ ማለትም ዩኒኮድ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት፣ ቢሮዎቻችን በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ ሲጽፉ ኖረዋል። በነዚያ የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ በውስጡ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ግዕዝ መስሎ የሚታየው ፎንቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራውን የካርድ ፋይል ከፍታችሁ ጽሑፉን ብትገለብጡትና የኢንተርኔት ገጹ ላይ ብትለጥፉት የተደበላለቀ ምልክት ነው የምታገኙት። መፍትሔው እንደ አዲስ በዩኒኮድ መተየብ ነው። የአንድ ካርድ ጽሑፍ አጭር ስለሆነ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ለሁለቱም ችግር አስተማማኙ መንገድ ይህ ነው፤ የአማርኛውን ጽሑፍ በገጹ ሳጥን ውስጥ አትተይቡ። ካርዱን በራሳችሁ ኮምፒውተር ሠርታችሁ ወይም በዲዛይነር አሠርታችሁ፣ ፊደሎቹን ወደ ቅርጽ ቀይራችሁ፣ በፒዲኤፍ ላኩ። ዲዛይነሮች በኢሉስትሬተር አውትላይን፣ በኮረል ድሮው ከርቭ የሚሉት ነገር ነው። ፊደሉ ቅርጽ ከሆነ በኋላ ፎንት አያስፈልገውም፤ የትም አገር፣ በማንኛውም ማሽን እንዳለ ይታተማል። ከዚያ በኋላ ግን ጽሑፉን ማረም አይቻልም፤ ስለዚህ ከመቀየራችሁ በፊት የሚታረመውን ፋይል ለብቻው አስቀምጡ።

ፎንቱን በተመለከተ በነፃ የሚገኙና ለህትመት የሚሆኑ አሉ፤ ከጎግል ኖቶ ሳንስና ኖቶ ሰሪፍ የሚባሉት የኢትዮጵያ ፊደላት፣ እንዲሁም አቢሲኒካ። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ያወጣው ኒያላም ብዙ ኮምፒውተር ላይ አለ። አቢሲኒካና ኒያላ የደመቀ ዓይነት የላቸውም፤ “ቦልድ” የሚለውን ስትጫኑ ኮምፒውተሩ ፊደሉን በግድ ያወፍረዋል፣ ውስጡ ያለው ባዶ ቦታም ይደፈናል። ማድመቅ ካስፈለጋችሁ ኖቶን ምረጡ፤ ከቀጭን እስከ ወፍራም ብዙ ደረጃ አለው።

መጠኑንም አስቡበት። የላቲን ፊደል በ7 ፖይንት ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን ልዩነቱ ያለው ትንንሽ ነገር ላይ ነው፤ ሰን ከሸ፣ ተን ከቸ የምትለየው ከላይ ያለችው አግድም መስመር ነች፤ ለን ከሉ የምትለየው ከጎን ያለችው ቅጥያ ነች። ፊደሉ ሲያንስና ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ጥቂት ሲሰራጭ እነዚህ ይጠፋሉ። ከ9 ፖይንት በታች ባትወርዱ እንመክራለን፤ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ 10 ይሁን፣ ፊደሉም ቀጭን አይሁን። አዛውንት እናትና አባታችሁ ያለ መነጽር የሚያነቡት ካርድ ለማንም ይሆናል።

በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱንም ቋንቋ ማጨቅ አያስፈልግም፤ ካርድ ሁለት ፊት አለው። አንዱን ለአማርኛ፣ ሌላውን ለእንግሊዝኛ ወይም ለዕብራይስጥ ወይም ለዐረብኛ አድርጉት። ዕብራይስጥና ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፉ ዲዛይኑም ከቀኝ ይጀምራል። ከማዘዛችሁ በፊት የፊትና የኋላው ራስጌ በአንድ በኩል መሆኑን አረጋግጡ፤ አንዱ ተገልብጦ ቢታተም አማርኛ የማያነብ ባለሙያ አያውቅላችሁም።

ወደ መጠንና አቆራረጥ እንለፍ። አሁን እስክሪብቷን አንሡ። አሜሪካ የተለመደው ካርድ 3 ተኩል በ2 ኢንች ነው፤ 8.9 በ5.1 ሴንቲ ሜትር ገደማ። አውሮፓ ውስጥ የተለመደው 8.5 በ5.5 ነው፤ ከባንክ ካርድ ጋር እኩል ለእኩል ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ኪስ ቦርሳ ውስጥ በደንብ ይገባል። አሜሪካ የተሠራ ዲዛይን አውሮፓ ላለ ማተሚያ ቢላክ ከአንዱ በኩል ይቆረጣል፣ ከሌላው በኩል ነጭ ይቀራል። የምታዝዙበትን ገጽ መጠን አይታችሁ ነው ዲዛይን መጀመር ያለባችሁ።

ከዚያ ብሊድ የሚባለው አለ። ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባው ካርድ ሲቆረጥ ላየ ሰው ነው። የታተሙት ወረቀቶች በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው አንድ ላይ ይደረደራሉ፤ መቁረጫ ማሽኑ መጀመሪያ ክምሩን ከላይ ተጭኖ ይይዘዋል፣ ከዚያ ሰፊው ምላጭ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ክምሩ ወፍራም ነው፤ ከላይኛው ወረቀት እስከ ታችኛው ድረስ ምላጩ በትክክል አንድ መስመር ላይ አያርፍም፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዴም አንድ ሚሊ ሜትር ይንሸራተታል። የካርዳችሁ መደብ ሰማያዊ ሆኖ ልክ ጠርዙ ላይ ካቆመ፣ ያ መንሸራተት ነጭ ክር የመሰለ መስመር ጠርዙ ላይ ይተዋል። ለዚህ ነው መደቡ በአራቱም በኩል 3 ሚሊ ሜትር ከካርዱ አልፎ እንዲሄድ የሚደረገው። 8.5 በ5.5 ለሆነ ካርድ የምትልኩት ፋይል 9.1 በ6.1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለአሜሪካው ደግሞ በየጎኑ የኢንች አንድ ስምንተኛ ይጨመራል፤ 3.75 በ2.25 ኢንች ማለት ነው። በተቃራኒው ጽሑፍና ሎጎ ከጠርዙ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይግቡ፤ እኛ አምስት ብታደርጉት እንመርጣለን፣ ካርዱም ይተነፍሳል። ዙሪያውን በቀጭን መስመር መክበብ ግን አንመክርም፤ ምላጩ ትንሽ ሲያጋድል በአንድ በኩል ወፍሮ በሌላው ቀጥኖ ይታያል፣ የሚያምር የነበረው ካርድ የተጣመመ ይመስላል።

ስለ ቀለም ቅድም ጥቂት ብለናል። ስክሪን በብርሃን ነው የሚሠራው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እየደባለቀ። ወረቀት ግን በቀለም ነው፤ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ብርቱካናማ በእነዚህ አራት ቀለሞች አይገኝም፣ ደብዘዝ ብሎ ይወጣል። ፋይሉን ስትሠሩ ከመጀመሪያው በአራቱ ቀለም ካደረጋችሁት የሚወጣውን አስቀድማችሁ ታዩታላችሁ። ትንንሽ ጽሑፍ ደግሞ በጥቁሩ ቀለም ብቻ ይሁን፤ ከአራቱ ቀለም የተቀላቀለ ጥቁር ከሆነ ፕሌቶቹ ትንሽ ሲዛነፉ የፊደሉ ጠርዝ ጥላ ያወጣል።

ሎጎ የምትልኩበት መንገድም ሥራውን ያበላሻል ወይም ያድናል። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙው ትእዛዝ የሚሄደው በቴሌግራም ነው፤ በቴሌብር ወይም በባንክ ይከፈላል፣ ካርዱ በሞተረኛ ይመጣል። ጥሩ አሠራር ነው። ነገር ግን ዲዛይኑን እንደ ፎቶ ስትልኩ ቴሌግራም ጨምቆ ያሳንሰዋል፤ የፊደሉ ጠርዝ ይቆሽሻል። ያው ፋይል “ፋይል” በሚለው በኩል ሲላክ ግን ምንም አይነካውም። ከፌስቡክ ገጻችሁ ላይ የወረደ ሎጎ አትላኩ። ሎጎውን የሠራላችሁን ባለሙያ ዋናውን ፋይል ጠይቁት፤ ኤአይ፣ ኢፒኤስ፣ ኤስቪጂ ወይም ፒዲኤፍ የሚባለውን። የከፈላችሁበት ሥራ ነውና ልታገኙት ይገባል፤ ገና ሎጎ የምታሠሩ ከሆናችሁም ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ተነጋገሩ። ያላችሁ ፎቶ ብቻ ከሆነ ለአውሮፓው መጠን ካርድ ሙሉ ገጽ ከነብሊዱ ቢያንስ 1075 በ720 ፒክስል ያስፈልጋል፤ በኢንች 300 ነጥብ ማለት ነው።

የወረቀቱ ምርጫ እንደየሥራው ነው። 300 ወይም 350 ግራም ለካርድ በቂ ነው፤ ከ250 በታች ሲሆን ይለመጣል። አሜሪካ ውስጥ በውፍረቱ ነው የሚጠሩት፤ 14 ፖይንት፣ 16 ፖይንት ይላሉ፣ 16ቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ላሚኔሽን የተደረገ፣ ማለትም በስስ ፕላስቲክ የተለበደ፣ ካርድ እርጥበትና ቆሻሻ ይችላል፤ ለሜካኒክ፣ ለምግብ ቤት፣ ለሾፌር ይሆናል። እስክሪብቶ ግን አይይዝም። ሐኪም ቤት የቀጠሮ ቀን የሚጻፍበት፣ ልብስ ሰፊ ልክ የሚያሰፍርበት፣ ሱቅ ዋጋ የሚጽፍበት ካርድ ከሆነ ቢያንስ ጀርባው ያልተለበደ ይሁን። አንጸባራቂና ማት የሚባሉት የምርጫ ጉዳይ ናቸው፤ በማት ላይ ጽሑፍ ይበልጥ ይነበባል።

ኪውአር ኮድ የምታስገቡ ከሆነ ሁለት ነገር እወቁ። መጠኑ ከ2 ሴንቲ ሜትር አይነስ፣ ዙሪያው ባዶ ነጭ ቦታ ይኑረው፣ ጥቁሩ በነጭ ላይ ይሁን። ሁለተኛውና ዋናው፣ አንዳንድ በነፃ ኮድ የሚያወጡ ገጾች የእናንተን አድራሻ በቀጥታ አያስገቡም፤ የራሳቸውን መንገድ አስገብተው ወደ እናንተ ያሳልፉታል። የሙከራ ጊዜው ሲያልቅና ክፍያ ሲጠየቅ ኮዱ መሥራት ያቆማል፤ የታተመው ካርድ ግን በሰው እጅ ነው። ኮዱን በስልክ አንብቡና የሚታየው አድራሻ የራሳችሁ መሆኑን እዩ።

ማጓጓዣውም ይታሰብ። ከኢትዮጵያ ሆናችሁ የውጭ ገጽ ላይ ለማዘዝ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል፤ ድርጅቱም ወደ ኢትዮጵያ የሚልክ መሆኑን ዲዛይን ከመጀመራችሁ በፊት አረጋግጡ፤ የጉምሩክ ክፍያም ሊኖር ይችላል። በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ማስመጣት ለሚያስቡ፣ በ350 ግራም ወረቀት የታተመ 500 ካርድ 800 ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚህ ሁሉ ግን ለአገር ቤት ሥራ በአገር ቤት ማሳተም ይሻላል ብለን እናምናለን። ስሕተት ቢገኝ ነገ ሄዶ መነጋገር ይቻላል፤ ፊደሉንም የሚያነብ ሰው ማሽኑ አጠገብ ቆሟል።

የመጨረሻው ነገር ማጽደቅ ነው። ከመታተሙ በፊት ረቂቅ ይላክላችኋል፤ “ይሁን” ካላችሁ በኋላ የሚገኘው የጽሑፍ ስሕተት በእናንተ ሒሳብ ነው፣ ድርጅቶቹም ይህን በውላቸው ይጽፉታል። ስለዚህ ስልክ ስክሪን ላይ አይታችሁ ብቻ አታጽድቁ። ረቂቁን በተራ ኤ4 ወረቀት በልኩ፣ ማለትም ሳታሳንሱ መቶ በመቶ፣ አትሙት። በመቀስ ቁረጡት። በእጃችሁ ዘርግታችሁ ያዙት፤ ይነበባል ወይ? ኪውአር ኮዱን በሌላ ሰው ስልክ ሞክሩት። ስማችሁንና አድራሻችሁን ካርዱን ያልሠራ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፤ የሠራው ሰው የሚያነበው በልቡ ያለውን ነውና ስሕተቱን አያየውም። ስልክ ቁጥሩን ደግሞ ከወረቀቱ ላይ እያያችሁ ደውሉበት፤ የእናንተ ስልክ ካልጠራ አታጽድቁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዝዙ ደግሞ ከመቶ ካርድ አትለፉ። አንድ ሺህ ማዘዝ ለአንዱ ካርድ የሚደርሰውን ዋጋ እንደሚቀንስ እናውቃለን፤ ቢሆንም መቶውን ለደንበኞቻችሁ ሰጥታችሁ፣ የሚያነቡትንና የሚጠይቋችሁን አይታችሁ፣ የሚታረመውን አርማችሁ ቀጣዩን እዘዙ። በአማርኛ ለማሳተም የምታስቡ በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ፊደሉ አስቸገረን ብላችሁ አትተዉት፤ ወደ ቅርጽ ቀይራችሁ በፒዲኤፍ ላኩት፣ በትክክል ይወጣል።